88 ፐርሰንት ተብዬ 1,490 ዶላር ደረሰኝ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የራሴ ትራክ አለኝ፤ የ2019 ፍሬይትላይነር። ከስምንት ወር በፊት አንድ የሀበሻ ካምፓኒ ሥር በሊዝ ገባሁ። 88 ፐርሰንት ያንተ፣ 12 የእኛ ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት ግሮስ 6,200 ዶላር ሠርቼ እጄ የገባው 1,490 ነው። የትራኩን የባንክ ዕዳ በወር 2,300 የምከፍለው ከዚህ ላይ ነው። ስጠይቃቸው ‹ፈርመሃል፣ ሕጉ ይፈቅድልናል› ይሉኛል። ልውጣ ስል ኤስክሮህን (ከክፍያዬ እየቆረጡ የሚይዙትን መያዣ) የምንመልሰው ከ90 ቀን በኋላ ነው አሉኝ። ካልሆነ ትራክህን ሽጥና ከእኛ በሊዝ ፐርቸስ (እየሠሩ በየሳምንቱ እየከፈሉ በሚገዙበት ውል) አዲስ ውሰድ፣ ወጪው ይቀልልሃል ይላሉ። ይሄ ሁሉ ሕጋዊ ነው? ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ «በሊዝ ገባሁ» የሚለው አነጋገር ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ተከራይ የሆኑ ያስመስልዎታል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን አከራዩ እርስዎ ነዎት። ትራክዎን ከነሹፌሩ አከራይተዋል፤ ተከራዩ ካምፓኒው ነው። በየሳምንቱ የሚገባልዎት ገንዘብ ኪራይ እንጂ ደሞዝ አይደለም። አዲስ አበባ ቤት አከራይተው ቢሆን፣ ተከራዩ «ቧንቧ አሠርቼ ነው» ብሎ ከኪራዩ ላይ ቀንሶ ቢያመጣ ምን ይሉታል? ደረሰኙን አምጣ። እዚህም የሚሉት ያንኑ ነው።

ነገሩን የሚገዛው ደንብ 49 ሲኤፍአር ክፍል 376 ይባላል። ትራከሩ «ትሩዝ ኢን ሊዚንግ» ብሎ ያውቀዋል። ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልስ ካምፓኒ የሰው ትራክ በራሱ ዶት ነምበር (በመንግሥት በተመዘገበበት ቁጥር) ሲያሠራ፣ ኮንትራቱ ውስጥ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚዘረዝር ደንብ ነው።

«ፈርመሃል፣ ሕጉ ይፈቅድልናል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ሕጉ ካምፓኒው ስንት ፐርሰንት ይውሰድ ብሎ ጣሪያ አላበጀም። ከፈለጉ 30 ይውሰዱ፤ ከጻፉት ይችላሉ። በሚያስከፍሉት ነገር ላይ ትርፍ መጨመርም በራሱ ክልክል አይደለም። ክልክሉ መደበቁ ነው። ካምፓኒው ቀድሞ ከፍሎ በኋላ ከእርስዎ የሚቆርጠው ማንኛውም ነገር በስሙ ኮንትራቱ ላይ መስፈር አለበት። እንዴት እንደሚሰላም እንዲሁ። ተቆራጩ ትክክል መሆኑን የሚያጣሩበትን ወረቀት የማግኘት መብትም አለዎት። ስለዚህ ሲመልሱላቸው፣ «ልክ ነው ፈርሜያለሁ፤ ይሄ የተጻፈበትን ገጽ አሳዩኝ» ይበሉ። እኔ ራሴ ወደ ሂሳብ ሥራ ከመግባቴ በፊት ነድቻለሁ። የመጀመሪያ ኮንትራቴን የፈረምኩት ነዳጅ እየቀዳሁ፣ በስልኬ፣ በጣቴ ነው። ያነበብኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በፈረሙት አልፈርድም።

አሁን ወደላኩልኝ ሴትልመንት፣ ማለትም የሳምንቱ የክፍያ ሂሳብ ወረቀት፣ እንግባ። ከ6,200 ላይ 12 ፐርሰንቱ 744 ወጣ፤ 5,456 ቀረ። ከዚያ ነዳጅ 1,910፣ ኢንሹራንስ 425፣ ክሌም 400፣ አድቫንስ (ቀድመው የወሰዱት) 300፣ ትሬለር 250፣ ኤስክሮ 250፣ ፋክተሪንግ 186፣ አድሚን 75፣ ታርጋ 60፣ ኢፍታ 50፣ ኢኤልዲ (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ) እና ሴፍቲ 45፣ የአድቫንሱ ማውጫ 15። ድምሩ 3,966 ነው። ሂሳቡ በድምር አልተሳሳተም። ችግሩ እያንዳንዱ መስመር ውስጥ ነው ያለው።

ከትንንሾቹ ልጀምር፤ ሰው የማያያቸው እነሱን ነው። 186 ዶላር የ6,200 ልክ 3 ፐርሰንት ነው። ፋክተሪንግ ማለት ካምፓኒው ብሮከሩ (ጭነቱን ያገናኘው ደላላ) እስኪከፍል ላለመጠበቅ ኢንቮይሱን ለሌላ ድርጅት ቅናሽ አድርጎ ሲሸጥ ነው። ይህ የካምፓኒው የገንዘብ አያያዝ ጉዳይ ነው። ደንቡ እርስዎ የማድረሻ ወረቀቱን ካስገቡ በ15 ቀን ውስጥ ይከፈልዎት ይላል። ብሮከሩ ይክፈል አይክፈል የእርስዎ ራስ ምታት አይደለም። 3 ፐርሰንቱ ሊቆረጥብዎት የሚችለው ኮንትራቱ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የተሰላው ከጠቅላላው ላይ ነው። የእነሱን የ12 ፐርሰንት ድርሻ ፋክተሪንግ ሳይቀር የሚከፍሉላቸው እርስዎ ነዎት። አድሚን የተባለውን 75 ይጨምሩበትና ካምፓኒው ጋ የቀረው 1,005 ዶላር ይሆናል። ከ16 ፐርሰንት በላይ ነው። 88 የተባሉት 84 እንኳ አይሞላም።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ 6,200ው ራሱ እውነት ነው ወይ የሚለው ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት አቤቱታዎች የከፋው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ተቆራጭ ወረቀት ላይ ይታያል፤ ከላይ የተነሳ ገንዘብ ግን አይታይም። በፐርሰንት የሚከፈለው ሰው ከሂሳቡ ጋር ወይም ከሂሳቡ በፊት ካምፓኒው ለጭነቱ ያስከፈለበትን ቢል ኮፒ እንዲያገኝ ደንቡ ያዛል። የደንበኛውን ስም መሸፈን ይችላሉ። ዋጋውን ግን መሸፈን አይችሉም። እርስዎ በስምንት ወር ውስጥ አንድም ሬት ኮንፈርሜሽን (ብሮከሩ የጭነቱን ዋጋ ያረጋገጠበት ወረቀት) አላየሁም ብለዋል። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልዎት ሰው) ዋጋውን በቴክስት ብቻ ነው የሚነግርዎት። ቴክስት የቢሉን ቦታ አይተካም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጨዋታ አለ። አንደኛው፣ ካምፓኒው በሌላ ስም የራሱ ብሮከሬጅ አለው። ሎዱን (ጭነቱን) በ3,000 ይይዝና ለራሱ ካምፓኒ በ2,500 ያስተላልፋል። እርስዎ የ2,500ውን 88 ፐርሰንት ያገኛሉ። በኤፍኤምሲኤስኤ (የፌዴራሉ የትራክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ የሁለቱን አድራሻና ስልክ ቢያስተያዩ አንዳንዴ ወዲያው ይገጥማል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሬት ኮንፈርሜሽኑን ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን ቀይሮ መላክ። የቁጥሮቹ ቅርጽ ከቀረው ጽሑፍ የተለየ ከሆነ፣ ወይም የተላከልዎት የስክሪን ፎቶ ብቻ ከሆነ ይጠርጥሩ። ብሮከሩ የላከውን ኢሜይል እንዳለ እንዲያስተላልፉልዎት ይጠይቁ። የእርስዎ ካምፓኒ ይህን አድርጓል እያልኩ አይደለም። አለማድረጉን የሚያሳይ ወረቀት ግን የለዎትም።

ነዳጁ ላይ የካርዱን ዝርዝር ይጠይቁ። ካምፓኒዎች ከነዳጅ ማደያዎች ጋር በጋሎን ቅናሽ ይዋዋላሉ። ቅናሹ ሙሉ ለሙሉ ለእርስዎ ይድረስ የሚል ሕግ የለም፤ ስንቱ እንደሚደርስዎት ኮንትራቱ ነው የሚወስነው። የፊውል ሰርቻርጅም (ለነዳጅ ተብሎ በጭነቱ ዋጋ ላይ የሚጨመረው) እንዲሁ ነው። ኢፍታ ግን በየሳምንቱ 50 ተብሎ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። የነዳጅ ታክስ በየሦስት ወሩ በየስቴቱ በነዱት ማይልና በቀዱት ጋሎን ነው የሚሰላው። አንዳንድ ሩብ ዓመት ተመላሽ ሊኖርዎት ሁሉ ይችላል። ሪፖርቱን ይጠይቁ፤ ልዩነቱ የት እንደገባም ይጠይቁ።

425 ዶላር ኢንሹራንስ በዓመት 22,100 ዶላር ነው። ምን ምን እንደያዘ መስመሩ አይናገርም። ሕዝብን የሚሸፍነውን የላያቢሊቲ ኢንሹራንስ የመያዝ ግዴታ የካምፓኒው ነው። ለተራ ጭነት ፌዴራሉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 750,000 ዶላር ሲሆን ብዙ ብሮከሮች 1 ሚሊዮን ይፈልጋሉ። ወጪውን ለእርስዎ ማካፈል ይችላሉ፤ ስንት እንደሆነ ኮንትራቱ ላይ ከጻፉ። ካርጎው (የጭነቱ)፣ ፊዚካል ዳሜጁ (የራስዎ ትራክ ጉዳት)፣ ቦብቴሉ (ያለ ትሬለር ሲነዱ የሚሸፍነው) ለየብቻ ይውጣ። በእነሱ በኩል ለገዙት ሁሉ የፖሊሲውን ኮፒ በጠየቁ ጊዜ ሊሰጡዎት ይገባል። አንድ ደንበኛዬ ለፊዚካል ዳሜጅ ዓመት ሙሉ ሲቆረጥበት ከርሞ፣ ፖሊሲው ሲመጣ የትራኩ ቪን ነምበር (የሻንሲ ቁጥር) ውስጡ አልነበረም። ትራኩ አለመጋጨቱ ነው እንጂ። ደግሞ ኦክዩፔሽናል አክሲደንት የሚባለውን የሥራ ላይ አደጋ ኢንሹራንስ እንደ ወርከርስ ኮምፕ (ለተቀጣሪዎች የሚገዛው የጉዳት ዋስትና) አይቁጠሩት፤ ሽፋኑ ጠባብ ነው፣ ጣሪያም አለው።

ታርጋው በሳምንት 60 ከሆነ በዓመት 3,120 ነው። የተከፈለበትን ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የብዙ ስቴት የዓመት ታርጋ ከዚህ ያነሰ ነው። ሲወጡ ካምፓኒው ታርጋው ላይ ተመላሽ ካገኘ ወይም ለሌላ ሰው ካዞረው የእርስዎ ድርሻ ይመለሳል። ትሬለሩን በተመለከተ፣ ኮንትራት ለመግባት ከእኛ ካልተከራየህ ብሎ ማስገደድ ክልክል ነው፤ ከሌላ ቦታ በርካሽ ካገኙ ያቅርቡ። አድቫንሱ የራስዎ ገንዘብ ነው፣ ተቆራጭ አይባልም። ማውጫው 15 ዶላር ግን ለጥቂት ቀናት ብድር 5 ፐርሰንት መሆኑ ነው። ይተዉት።

ክሌም የተባለው 400 ዶላር በግልጽ ስህተት ነው። እርስዎ እንዳሉት ተቀባዩ ሁለት ፓሌት አልቀበልም አለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት 400 ተቆረጠ፤ ወረቀት የለም። ደንቡ ለጭነት ጉዳት የሚቆረጥ ገንዘብ ከመቆረጡ በፊት በጽሑፍ ማብራሪያና ዝርዝር ለእርስዎ መድረስ አለበት ይላል። ከመቆረጡ በፊት። ይህን 400 በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ታሽጎ የተሰጠዎት ትሬለር ከባድ ሆኖ በሚዛን ቢቀጡ፣ ጭነቱ ከቁጥጥርዎ ውጭ እስከነበረ ድረስ ቅጣቱ የካምፓኒው ነው።

ወደ ኤስክሮ እንምጣ። ስምንት ወር ሙሉ በሳምንት 250 ከተቆረጠ ከ8,000 ዶላር በላይ ተጠራቅሟል። ሴትልመንቱ ላይ ግን እስካሁን ስንት እንደደረሰ የሚል መስመር የለም። እቁብ እንኳ ሰብሳቢ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዕጣዎ መቼ እንደሚወጣም ይታወቃል። ኤስክሮ ሲሆን ደንቡ ጠቅላላ መጠኑ፣ ለምን ለምን ሊነካ እንደሚችልና እንዴት እንደሚመለስ ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ ይላል። በየሴትልመንቱ ወይም በየወሩ መግለጫ ይሰጥ ይላል። ወለድም አለው፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩ፣ ከ91 ቀኑ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ አማካይ ወለድ ባላነሰ። ብዙ ሹፌር ይህን ስነግረው ይስቃል። 90 ቀን የሚባለው ደግሞ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ኮንትራቱ ካበቃበት ቀን አንሥቶ ቢበዛ 45 ቀን ነው። 90 ብለው ቢያስፈርሙዎትም ደንቡ 45 ነው የሚለው።

ወረቀቱ ላይ የሌለውን ወጪም እንቁጠር፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የካምፓኒው ብቻ አይደለም። ባዶውን ጨምሮ 3,300 ማይል ነድተዋል። 6,200 ሲካፈል በማይል 1.88 ይመጣል። ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለዲፒኤፍ (የጭስ ማጣሪያው) እና ለድንገተኛው ብልሽት በማይል 20 ሳንቲም ያስቀምጡ፤ 660 ይሆናል። የባንኩ ክፍያ በሳምንት 531 ነው። አድቫንሱን ጨምረን 1,790 ደረሰዎት ብንል እንኳ 599 ይቀራል። በሳምንቱ 70 ሰዓት ከሠሩ በሰዓት 9 ዶላር አይሞላም። ኤስክሮው ቢመለስ 12 ዶላር አካባቢ ነው። የኮሎራዶ ዝቅተኛ ክፍያ በ2025 14.81 ዶላር ነበር። ታክሱ ገና አልተነካም። 15.3 ፐርሰንቱን የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ማንም አይቆርጥልዎትም፤ በሩብ ዓመቱ ራስዎ ካልከፈሉ ቅጣት አለው። ሴትልመንቶቹን አንድም አይጣሉ። 1099ው (ካምፓኒው የከፈለዎትን ለታክስ የሚያሳውቅበት ቅጽ) ከተቆራጩ በፊት ባለው ገንዘብ ከመጣ ወጪዎን የሚያሳይልዎት እነሱ ናቸው። ከቤት ውጭ ያደሩበትንም ቀን ይመዝግቡ፤ ለትራከር በቀን 80 ዶላር ይታሰባል፣ ከዚያም 80 ፐርሰንቱ ከገቢ ላይ ይቀነሳል።

ሊዝ ፐርቸሱን አይግቡበት። እዚህ ላይ አላመቻምችም። አሁን ትራኩ የእርስዎ ነው፤ ካምፓኒው ቢከፋ ይዘውት ይወጣሉ። በሊዝ ፐርቸስ ግን ትራኩም ሎዱም በአንድ ሰው እጅ ይሆናል። ሎድ ከቀነሱብዎት የሳምንቱን ክፍያ ያጣሉ፤ ክፍያውን ካጡ ትራኩን ይወስዱታል፤ እስከዚያ የከፈሉት ኪራይ ሆኖ ይቀራል። «ወጪው ይቀልልሃል» የሚሉት የባንኩ ክፍያ ቀርቶ ሌላ ተቆራጭ ሴትልመንቱ ላይ ስለሚተካ ነው። ይህ የእኔ ጥላቻ ብቻ አይደለም። በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት የተቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ እነዚህ ፕሮግራሞች በሕግ ይታገዱ ብሎ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል። እስካሁን የአማካሪዎች ሐሳብ ነው፤ ሕግ አይደለም።

የራስዎን ኤምሲ (ጭነት በራስ ስም የማመላለስ ፈቃድ) ማውጣትም አሁን አልመክርም። የመጀመሪያው ዓመት ኢንሹራንስ ከባድ ነው፤ ብዙ ብሮከሮችም ለአዲስ ኤምሲ ሎድ አይሰጡም። ስድስት ወር የሚያኖር ገንዘብ ሲኖርዎት እንነጋገርበታለን።

መብትዎ ገደብ እንዳለውም ይወቁ። ኤፍኤምሲኤስኤ የአቤቱታ ማቅረቢያ ገጽ አለው፤ ያስገቡ፣ መዝገብ ላይ ይገባል። ገንዘብዎን ግን አስመልሶ አይሰጥዎትም። ገንዘቡን የሚያስመልሰው ክስ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በ49 ዩኤስሲ 14704 ደንቡ የተጣሰበት ባለ ትራክ ራሱ እንዲከስና የጠበቃ ወጪ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ኮንትራቱ «ክስ የለም፣ አርቢትሬሽን ብቻ» ቢልም ተስፋ አይቁረጡ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ፕራይም በሚባለው ካምፓኒ ጉዳይ፣ የፌዴራሉ የአርቢትሬሽን ሕግ ኮንትራክተር የሆኑ የትራንስፖርት ሠራተኞችንም እንደማያስገድድ ወስኗል። የስቴት ሕግ ግን ለካምፓኒዎቹ ሌላ መንገድ ሊከፍት ስለሚችል ይህን ጠበቃ ይየው። ሚዙሪ ያለው የባለ ትራኮች ማኅበር ኦኦአይዲኤም የአባላቱን የሊዝ ጉዳይ ያያል፤ አባል መሆን ያዋጣል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይህን ነው። ኢሜይል ይጻፉ። አጭር ይሁን፣ ስድብ አይኑርበት፣ «የሀገሬ ልጅ ሆነህ» የሚል ነገርም አይግባበት። የተፈረመውን ኮንትራት ኮፒ፣ የስምንቱን ወር ሬት ኮንፈርሜሽኖች፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲዎቹን፣ የነዳጅ ካርዱንና የኢፍታውን ሪፖርት፣ የኤስክሮውን ሙሉ ሂሳብ፣ የ400ውን ክሌም ማብራሪያ ይጠይቁ። 10 ቀን ይስጧቸው። ወረቀቱን ከሰጡና ፋክተሪንጉንና አድሚኑን ካነሱ መቆየት ይቻላል፤ ካምፓኒ መቀያየርም ወጪ አለው። ሬት ኮንፈርሜሽን አናሳይም ካሉ ግን ይውጡ። በእኔ ዕይታ ሌላው ሁሉ ይደራደሩበታል፤ ይህ አንዱ አይደራደሩበትም።

ሲወጡ ሎድ ላይ ሆነው አይውጡ። ጭነት ይዞ «ገንዘቤን ካልከፈላችሁ» ማለት ባለመብት የነበረውን ሰው ተከሳሽ ያደርገዋል። ትሬለሩንም በየትራክ ስቶፑ ጥለው አይሂዱ፤ የሚያስረክቡበትን ቦታ በጽሑፍ ያስነግሩ፣ ፎቶ ያንሱ። የበሩን ስምና ዶት ነምበር፣ ታርጋውን፣ የነዳጅ ካርዱን፣ ኢኤልዲውን መልሰው ደረሰኝ ይያዙ። የሚቀጥለው ካምፓኒ ኮንትራት ሳይነበብ፣ ኢንሹራንሱም ሳይጀምር የአሁኑን አያቋርጡ፤ አንድ ቀን ያለ ፊዚካል ዳሜጅ ትራኩ ቢቆም ባንኩ ራሱ በውድ ይገዛና ዕዳዎ ላይ ይጨምረዋል። የመልቀቂያ ደብዳቤው ላይ ቀኑን በግልጽ ይጻፉ፤ 45ቱ ቀን የሚቆጠረው ኮንትራቱ ካበቃበት ቀን ነው።